ሎሜ ላይ መፈንቅለ መንግሥት፣ ንጃሜና ላይ ሽግግር

ለአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ የመንግሥት ለውጥን በአንድ ሚዛን ስለመዳኘት

ክቡራትና ክቡራን አምባሳደሮች፤

በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፌብሯሪ 5 ቀን 2005 የቶጎው ፕሬዚዳንት ኛሲንቤ ኤያዴማ ከ38 ዓመት ሥልጣን በኋላ ሞቱ። ሕገ መንግሥቱ ቦታውን የሚሰጠው ለፓርላማው አፈ ጉባኤ ነበር። ጦሩ ግን በዚያው ዕለት ልጃቸውን ፎሬ ኛሲንቤን ሾመ። አፈ ጉባኤው ከውጭ አገር እየተመለሱ ስለነበር ድንበሩ ተዘጋባቸውና ቤኒን፣ ኮቶኑ ላይ ቀሩ። ፓርላማው በማግስቱ ተጠርቶ የሆነውን ሁሉ ሕጋዊ ለማስመሰል ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። የያኔው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር አልፋ ኡማር ኮናሬ ነገሩን ሳያለባብሱ ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት አሉት። ምክር ቤታችሁ ፌብሯሪ 25 ቶጎን አገደ። ፎሬም በዚያው ዕለት ከፕሬዚዳንትነቱ ወረዱ፤ ሥልጣኑን መልሰው የያዙት ኤፕሪል ላይ በተካሄደ ምርጫ ነው።

ኤፕሪል 20 ቀን 2021 ደግሞ ቻድን 30 ዓመት የገዙት ኢድሪስ ዴቢ መሞታቸው ታወጀ። የአገሪቱ የ2018 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 ቦታውን ለጊዜው ለአፈ ጉባኤው ይሰጣል። ጦሩ 15 ጄኔራሎች ያሉበት ወታደራዊ ምክር ቤት አቋቁሞ የ37 ዓመቱን ልጃቸውን ማሃማት ኢድሪስ ዴቢን ላዩ ላይ አስቀመጠ፤ ፓርላማውን በተነ፤ ሕገ መንግሥቱን ሻረ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነታቸው ምን ላይ እንደሆነ ይቸግረዋል። አባት ሞተ፤ ጦሩ ልጁን ሾመ፤ ሕጉ የሚያውቀው ተተኪ ተገፋ። ልዩነት ካለ የሚከፋው የቻዱ ነው፤ በቶጎ፣ ሎሜ ላይ ቢያንስ ለማስመሰል ተሞክሯል። የቻድ ባለሥልጣናት አፈ ጉባኤው ሃሩን ካባዲ ራሳቸው አልፈልግም ብለዋል ይላሉ። ይሁን እንበል። የአንድ አፈ ጉባኤ እምቢታ ፓርላማ ለመበተንና ሕገ መንግሥት ለመሻር ለጄኔራሎች ውክልና አይሆንም። እናንተ ዘንድ ግን የመጀመሪያው መፈንቅለ መንግሥት ተብሎ ሲታገድ ሁለተኛው ሽግግር ተብሎ ታለፈ። ሜይ 14 ቀን 2021 ባደረጋችሁት ስብሰባ ቻድን ሳታግዱ ሽግግሩ በ18 ወር እንዲያልቅና የወታደራዊ ምክር ቤቱ አባላት ለምርጫ እንዳይቀርቡ ጠየቃችሁ። በ18ኛው ቀን፣ ጁን 1፣ ኮሎኔል አሲሚ ጎይታ ለሁለተኛ ጊዜ መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉባትን ማሊን አገዳችሁ።

ያኔ የተሰጠው ምክንያት ጸጥታ ነው። ከሊቢያ የተሻገሩ አማፅያን በሰሜን ቻድ እየተዋጉ ነበር፤ አገሪቱ በዚያው ዓመት ፌብሯሪ 1,200 ወታደሮች ወደ ማሊ፣ ኒጀርና ቡርኪና ፋሶ መገናኛ ድንበር ልካለች፤ በቻድ ሐይቅ ዙሪያ ቦኮ ሐራምን የሚዋጋውም ጥምር ጦር ያለእሷ አቅም የለውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ማሊስ? ከ2012 ጀምሮ ጦርነት ላይ ያለች፣ ያኔ ከ10,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፍረውባት የነበረች፣ የቻድ ወታደሮች ሳይቀሩ የሞቱባት አገር ናት። ጸጥታ ለአንዷ ማለፊያ ከሆነ ለሌላዋም ማለፊያ ነው፤ ካልሆነ ለሁለቱም አይሆንም። ለአንዱ እናት፣ ለሌላው የእንጀራ እናት መሆን የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ15ቱ የምክር ቤቱ አባላት አንዷ ያኔ ቻድ ራሷ ነበረች። ምክር ቤቱን ያቋቋመው ፕሮቶኮል አንቀጽ 8(9) ጉዳዩ የሚመለከተው አባል ሐሳቡን ካሰማ በኋላ በውይይቱም በውሳኔውም እንዳይሳተፍ ያዛል። ከአዳራሹ መውጣት ግን ከኮሪደሩ መውጣት አይደለም። ሪፖርት የሚያቀርብላችሁን ኮሚሽን ይመሩ የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሃማት ደግሞ የሟቹ ፕሬዚዳንት ጠቅላይ ሚኒስትርም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን ስንል እሳቸው አድልተዋል ለማለት አይደለም፤ አንቀጽ 8(9) የሚያስወጣው አባል አገርን ብቻ መሆኑን፣ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የራሳቸው አገር ጉዳይ ሲታይ ምን እንደሚያደርጉ ዝም ማለቱን ለማሳየት ነው።

18ቱ ወር ሲያልቅ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ኦክቶበር 2022 በቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና የተካሄደው ብሔራዊ ምክክር ሽግግሩን በ24 ወር አራዘመ፤ ማሃማት ዴቢም መወዳደር ይችላሉ አለ። ኦክቶበር 20 የተቃወሙት ሰዎች ላይ ተተኮሰ፤ መንግሥት ራሱ በመጀመሪያ መግለጫው 50 ያህል ሰው መሞቱን አመነ። እናንተ የጠየቃችኋቸው ሁለቱም ነገሮች ተጥሰዋል። ኖቬምበር ላይ ተሰብስባችሁ አሁንም አላገዳችሁም። ሜይ 2024 ማሃማት ዴቢ በ61 በመቶ ድምፅ ተመርጠዋል ተባለ። ባይፈጸም ምን እንደሚከተል ያልተጻፈበት ቅድመ ሁኔታ እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ሕግ ጎድሎ አይደለም። የ2000 የሎሜ አዋጅ ኢ-ሕገ መንግሥታዊ ለውጥ የሚባሉትን አራት ነገሮች ዘርዝሯል፦ የተመረጠ መንግሥትን በወታደር መገልበጥ፣ በቅጥር ወታደሮች መገልበጥ፣ በታጠቀ አማፂ መገልበጥ፣ በምርጫ ተሸንፎ አልለቅም ማለት። ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የዴሞክራሲ፣ ምርጫና አስተዳደር ቻርተር በአንቀጽ 23(5) አምስተኛ ጨመረ፤ የዴሞክራሲያዊ ሥልጣን ሽግግርን መርህ የሚጥስ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ። አንቀጽ 25(4) ደግሞ በኃይል ሥልጣን የያዘ ሰው ሥርዓቱን ለመመለስ በሚደረገው ምርጫ አይወዳደርም፤ በመንግሥት የፖለቲካ ተቋማትም የኃላፊነት ቦታ አይዝም ይላል። ቻርተሩ ከፌብሯሪ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ቻድ አጽድቃዋለች፤ ኢትዮጵያ ቀድመው ካጸደቁት አንዷ ናት። እኛ አላጸደቅንም ለሚሉትም መልስ አለ፤ የመሪዎቹ ጉባኤ ፌብሯሪ 2010 ባሳለፈው ውሳኔ የመወዳደር ክልከላውን ለሁሉም አባል አገር አድርጎታል።

ታዲያ ክልከላው ማን ላይ ሠራ? ማዳጋስካር ላይ ሠርቷል። አንድሬ ራጆሊና ማርች 2009 በጦሩ ድጋፍ ሥልጣን ሲይዙ አገሪቱ ታገደች፤ በዓመቱ እሳቸውን ጨምሮ በ109 ሰዎች ላይ የጉዞና የሀብት ማዕቀብ ተጣለ። 2013 ላይ የገቡትን ቃል አጥፈው ለዕጩነት ሲመዘገቡ ኅብረቱና የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ውጤቱን አንቀበልም አሉ፤ ኦገስት ላይ የምርጫ ፍርድ ቤቱ ስማቸውን ሰረዘ። ልብ በሉ፤ ጫናው የመጣው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ነው። ጋምቢያም ላይ ሕጉ ሠርቷል፤ ያህያ ጃሜ ተሸንፈው አልለቅም ሲሉ ጃንዋሪ 13 ቀን 2017 ተሰብስባችሁ ከጃንዋሪ 19 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ብለን አናውቃቸውም አላችሁ። ጃንዋሪ 21 አገር ለቀው ወጡ።

ግብፅ ላይስ? ጁላይ 3 ቀን 2013 መሐመድ ሙርሲ በጦሩ ተወገዱ፤ ጁላይ 5 አገዳችሁ። እዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። ሙርሲን ያስወገዱት አብዱል ፋታህ አል ሲሲ ማርች 2014 ወታደራዊ ልብሳቸውን አውልቀው ሜይ ላይ ተወዳደሩ፤ 97 በመቶ ገደማ አገኙ፤ ጁን 8 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ዘጠኝ ቀን ቆይታችሁ ዕገዳውን አነሳችሁ። በዚያው ወር በኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ማላቦ ላይ በመሪዎች ጉባኤ ተቀመጡ፤ 2019 ላይ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሆኑ። ግብፅ ለኅብረቱ ከፍተኛውን መዋጮ ከሚከፍሉት አምስት አገሮች አንዷ ናት፤ ማዳጋስካርና ጋምቢያ አይደሉም። ገንዘቡ ነው ምክንያቱ ብለን ማስረጃ ማቅረብ አንችልም። እናንተም አይደለም የሚል የተጻፈ ምክንያት የላችሁም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ዚምባብዌ ከሁሉም ትገርማለች። ኖቬምበር 15 ቀን 2017 ንጋት ላይ ጄኔራል ሲቡሲሶ ሞዮ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በመንግሥት ቴሌቪዥን ቀረቡና ይህ ወታደራዊ የሥልጣን ነጠቃ አይደለም፣ የምንፈልገው በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ያሉትን ወንጀለኞች ነው ሲሉ አነበቡ። ታንክ መንገድ ላይ ነበር፤ ሮበርት ሙጋቤ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደርገዋል። የያኔው የኅብረቱ ሊቀ መንበር አልፋ ኮንዴ መፈንቅለ መንግሥት ይመስላል አሉ። ኖቬምበር 21 ሙጋቤ ለቀቁ፤ ኮሚሽኑ ውሳኔያቸውን በደስታ ተቀበለ፤ ዚምባብዌ አልታገደችም። መግለጫውን ያነበቡት ጄኔራል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ የጦሩ አዛዥ ኮንስታንቲኖ ቺዌንጋ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። አንቀጽ 25(4) የከለከለው ይህንኑ ነበር።

አልፋ ኮንዴ ራሳቸው የአንቀጽ 23(5) ምስክር ናቸው። ማርች 2020 ጊኒ ላይ አዲስ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ አጸድቀው የሥልጣን ዘመናቸውን ቆጠራ ከዜሮ ጀመሩ፤ ኦክቶበር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተመረጡ፤ በተቃውሞው ሰው ሞተ። ምክር ቤታችሁ አላገደም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021 ኮሎኔል ማማዲ ዱምቡያ ሲገለብጧቸው በአምስተኛው ቀን ጊኒን አገዳችሁ። እገዳው ልክ ነው። ግን በወረቀት የተደረገውን አይቶ እንዳላየ አልፎ በጠመንጃ የተደረገውን ብቻ መቅጣት ለገልባጩ ጥሩ ንግግር ያዘጋጅለታል። በዚህ አንቀጽ እስከ ዛሬ አንድም አገር ታግዶ አያውቅም። ሜይ 2022 መሪዎቹ ስለዚሁ ጉዳይ ልዩ ጉባኤ ሲጠሩ የተሰበሰቡት ማላቦ ላይ መሆኑም አይረሳንም፤ አስተናጋጃቸው ቴዎዶሮ ኦቢያንግ በ1979 አጎታቸውን ገልብጠው ከገቡበት ቤተ መንግሥት አልወጡም።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1963 የኅብረቱ ቀዳሚ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚህ አዲስ አበባ ሲመሠረት፣ ፕሬዚዳንቱ ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ተገድለው የተተካው የቶጎ መንግሥት በጉባኤው እንዳይቀመጥ ተደርጓል። 11 ዓመት ቆይቶ ደርግ የጉባኤውን አስተናጋጅ ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን አወረደ፤ ኖቬምበር 1974 ደግሞ 60 ባለሥልጣናትን ያለፍርድ ገደለ። የኢትዮጵያን ወንበር የነካው አልነበረም፤ ኮሎኔል መንግሥቱም በ1983 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆኑ። ግድያው የተፈጸመበት ዓለም በቃኝ ዛሬ የእናንተ ግቢ ነው።

ምዕራባውያኑም ከዚህ የተሻለ ነገር የላቸውም። የአሜሪካ ሕግ በመፈንቅለ መንግሥት ለተያዘ አገር ዕርዳታ ይቁም ይላል፤ መፈንቅለ መንግሥት መሆኑን በስንት ቀን ውስጥ መወሰን እንዳለበት ግን አይናገርም። በ2013 ዋሽንግተን ለግብፅ ቃሉን ጨርሶ አልተጠቀመችም። የሰው አልባ አውሮፕላን ጣቢያ አጋዴዝ ላይ ስለነበራት ለ2023ቱ የኒጀር መፈንቅለ መንግሥትም ቃሉን ለመጠቀም 76 ቀን ፈጀባት። ኢማኑኤል ማክሮን ኤፕሪል 2021 በዴቢ ቀብር ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ከማሊ ጋር የነበረውን የጋራ ዘመቻ አቋረጡ። ለእነሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለእናንተ የምንጽፈው ሕጉን የጻፋችሁት እናንተ ስለሆናችሁና ለማስተካከል የሚያስፈልገውም ትንሽ ስለሆነ ነው።

ብልሽቱ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው። ወርሃዊው ሰብሳቢ በፊደል ተራ ይፈራረቃል፤ አጀንዳው የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ስብሰባው ዝግ ነው። የሚመለከተው አገር ተናግሮ ይወጣል። ጽሕፈት ቤቱ ረቂቅ መግለጫ ያቀርባል፤ ከዚያ ቃላት ላይ ድርድር ይጀመራል። ፕሮቶኮሉ በመግባባት ወስኑ፣ ካልሆነ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይላል፤ 15ቱም ድምፅ ከሰጡ 10 ማለት ነው። በተግባር ግን ድምፅ መስጠት እንደ ነውር ስለሚታይ ሦስት አራት አገሮች ከተቃወሙ በረቂቁ ላይ የነበረው «ታግዳለች» ወደ «በእጅጉ ያሳስበናል» ይወርዳል። ማን እንደተቃወመ አይታወቅም። መግለጫውም ይዘገያል፤ በኒጀር ጉዳይ ኦገስት 14 ቀን 2023 የተሰበሰባችሁበት ውሳኔ ይፋ የሆነው ኦገስት 22 ነው። በእነዚያ ቀናት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ጦር አዘጋጃለሁ እያለ ነበር፤ በኒጀር ዋና ከተማ ኒያሚ ያለው ሰው የኅብረቱን አቋም በወሬ ነበር የሚሰማው። መግለጫዎቹን ስታነቡ በማስታወስ፣ በመገንዘብ፣ በማሳሰብ የሚሉ ብዙ አናቅጽ ታገኛላችሁ፤ የተፈጸመው ነገር ከአንቀጽ 23 ንዑሳን አንቀጾች የትኛውን እንደሚያሟላ ወይም ለምን እንደማያሟላ የሚናገር የፍርድ ሐተታ ግን አይገኝም። ሐተታ የሌለው ፍርድ ደግሞ ለቀጣዩ ጉዳይ መመዘኛ አይሆንም። የቶጎ ውሳኔ ሐተታ ቢኖረው ኖሮ የቻዱን ረቂቅ የሚያዘጋጅ ሰው ከእሱ መሸሽ አይችልም ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ድርጊቱ በተፈጸመ በሰባት ቀን ውስጥ የኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ የሆነ የፍሬ ነገር ማረጋገጫ ይጻፍ። ጥያቄዎቹ አራት ይሁኑ፦ ዛሬ ሥልጣኑን የያዘው ማን ነው? በአገሪቱ ሕገ መንግሥት መያዝ የነበረበት ማን ነው፣ በየትኛው አንቀጽ? እንዳይይዝ ያደረገው ማን ነው፣ በምን? ይህ ከአንቀጽ 23 የትኛው ሥር ይወድቃል? ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጦር መዋጮ፣ ስለ ጎረቤት ስጋት የሚባል ነገር በዚህ ገጽ ላይ አይግባ። እነዚያ መታየት ያለባቸው ስለ ማዕቀቡ ዓይነትና ስለ ሽግግሩ ርዝመት ስትነጋገሩ ነው። ቻድ ላይ የተበላሸው ሁለቱ ጥያቄዎች ስለተደባለቁ ነው፤ «ብናግዳት ምን ይከተላል» የሚለው ስጋት «ምን ተፈጸመ» የሚለውን ዋጠው። ገጹ ውሳኔያችሁ ምንም ይሁን ምን ከመግለጫው ጋር አብሮ ይውጣ። አናግድም የምትሉ ከሆነም ምክንያታችሁን ከሥሩ ጻፉ።

በአንድ ስብሰባ መግባባት ካልተቻለ በሁለተኛው ድምፅ ይሰጥ፤ ቁጥሩም ይገለጽ። የአገሮቹን ስም ማውጣት ለጊዜው ይከብዳችሁ ይሆናል፤ 9 ለ 6 መሆኑን ማወቅ እንኳ ከዝምታ ይሻላል። የአንቀጽ 8(9) ደንብ የኮሚሽኑን ሊቀ መንበርም እንዲጨምር ይደረግ፤ ጉዳዩ የትውልድ አገራቸውን ሲመለከት ሪፖርቱን ምክትላቸው ወይም የፖለቲካ፣ ሰላምና ጸጥታ ኮሚሽነሩ ያቅርቡ።

አንቀጽ 25(4)ን በተመለከተ ጊዜው ነው ወሳኙ። ምክር ቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የምርጫውን ውጤት ነው፤ ያኔ ሰውየው «የተመረጠ» ስለሚሆን ነገሩ አልቋል። ጋቦን ላይ ይኸው ተደገመ፤ ኦገስት 2023 አሊ ቦንጎን የገለበጡት ጄኔራል ብሪስ ኦሊጊ ንጌማ ኤፕሪል 12 ቀን 2025 ተመረጡ፤ ዕገዳው ኤፕሪል 30 ተነሳ፤ ቃለ መሐላው ሜይ 3 ነበር። ክልከላው የሚድነው ወይም የሚሞተው ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ የሽግግር ቻርተሩ ሲረቀቅ ነው። ረቂቁ እንደወጣ የኮሚሽኑ ጽሕፈት ቤት ክልከላው እንዳለበት አይቶ ለእናንተ ያሳውቅ፤ የዕጩዎች ምዝገባ ከመዘጋቱ 60 ቀን አስቀድሞም ለአገሪቱ የምርጫ አካል ደብዳቤ ይጻፍ። ገልባጩ ከተመዘገበ ታዛቢ አይላክ። ዕገዳ የሚያነሳ መግለጫ ሁሉ ገልባጩ ተወዳድሯል ወይስ አልተወዳደረም የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልስ።

በሥልጣን ላይ ያለውን ሰው ከዘመን ወይም ከዕድሜ ገደብ ነጻ የሚያወጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ ሲቀርብም በ30 ቀን ውስጥ በአጀንዳችሁ ይያዝ። ሁሉም ማሻሻያ ጥፋት ነው አንልም። መለያው ግልጽ ነው፤ ለውጡ ከሚቀጥለው ሰው ጀምሮ የሚሠራ ነው ወይስ ያጸደቀውን ሰው ራሱን ይጠቅማል?

ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር የክልሉ ድርጅት በውጭ ኃይሎች ተጽዕኖ ሥር ወድቋል ብለው ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ወጥተዋል። ወታደሮቹ ይህን የሚሉት ለራሳቸው ጥቅም ነው፤ አደባባይ ወጥቶ የሚያጨበጭብላቸው ወጣት ግን ማሃማት ዴቢን በቴሌቪዥን ያያል። የመጀመሪያው ሐሳባችን የቻርተር ማሻሻያ፣ የመሪዎች ጉባኤም ሆነ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም፤ የባለሙያዎች ኮሚቴያችሁ አርቅቆ በአሠራር ደንባችሁ ሊገባ ይችላል። በሚቀጥለው ወር የሥራ መርሐ ግብራችሁ ላይ እንዲያዝ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የኅብረቱን የውሳኔ ሰነዶች የምንከታተል የሕግና የዲፕሎማሲ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ጽሕፈት ቤት
ለኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለመላው አፍሪካ ፓርላማ፣ ሚድራንድ